አራት ዓመት የተስማማቸው ኪኒን፦ የኮሌስትሮል መድኃኒትና የአንድ ታካሚ ጉዳይ

ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ በሁለት ሰው ተደግፈው ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ሦስት ፎቅ በደረጃ የሚወጡ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው 67 ነው። ተረኛዋ ሐኪም ምን ሆነው እንደመጡ ስትጠይቃቸው «እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ ሽንቴም ጠቆረብኝ» አሏት። ከዚያ በላይ ማውራት አልቻሉም። ያቅለሸልሻቸው ነበር።

እኔ ሆስፒታል ውስጥ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ወደ ጉዳዩ የገባሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። ታካሚውና ልጃቸው እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ማንነታቸውን የሚጠቁም ነገር አላስገባሁም። እዚህ «ጋሼ» ብቻ እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንደዚያ ነው።

የኮሌስትሮል መድኃኒት ከሚወስዱ ሰዎች መካከል ከባድ የጡንቻ ጉዳት የሚደርስባቸው በጣም ጥቂት ናቸው። ከ1,000 ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። የጋሼ ጉዳት የመጣበት መንገድ ግን በጣም ተራ ነው። በየትኛውም ቤት ሊሆን ይችላል። እንድጽፈው ያደረገኝም ይኸው ነው።

ቀድሞ የነበሩበት ሁኔታ

ጋሼ ከአራት ዓመት በፊት ሃርት አታክ ደርሶባቸዋል። የተዘጋው የልብ ደም ሥር ስቴንት በምትባል ትንሽ የሽቦ ቱቦ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አራት ዓይነት ኪኒን ይወስዳሉ፦ ትንሽ መጠን ያለው አስፒሪን፣ ለልብና ለግፊት ቢሶፕሮሎል፣ ለደም ግፊት አምሎዲፒን 10 ሚሊግራም፣ ማታ ማታ ደግሞ ሲምቫስታቲን 40 ሚሊግራም።

ሲምቫስታቲን ስታቲን ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን አንድ ኢንዛይም ያግዳል። ጉበት የራሱ ምርት ሲያንሰው ከደም ውስጥ መሳብ ይጀምራል። ኤል ዲ ኤል የሚባለው፣ የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚከማቸው ኮሌስትሮል የሚወርደው በዚህ ነው። የጋሼ ኤል ዲ ኤል 82 ነበር። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጡንቻዬን አመመኝ ብለው አያውቁም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲኑ ከ20 ሚሊግራም እንዳያልፍ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያሳስባል። ጋሼ የሚወስዱት 40 ነው። አምሎዲፒኑ የተጨመረላቸው ከሁለት ዓመት በፊት ሲሆን ያን ጊዜ ስታቲኑን ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ምንም አልተሰማቸውም፤ ስለዚህ ማንም አላስተዋለም። ያም ሆኖ አዲስ ነገር ሳይመጣ በፊት ጽዋው ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው።

አሥራ አንዱ ቀን

ነገሩ የጀመረው በጨጓራ ነው። ለወራት ሲያቃጥላቸው ቆይቶ ምርመራ ሲያደርጉ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ተገኘባቸው። የታዘዘላቸው ብዙ ሰው የሚያውቀው ሕክምና ነው፦ ክላሪትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ 500 ሚሊግራም፣ አሞክሲሲሊን 1 ግራም፣ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም፤ ሁሉም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ14 ቀን። ሐኪሙ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ጠይቋቸዋል። «የልብ መድኃኒት አለኝ» አሉት። ካርዱ ላይም የተጻፈው ይኸው ነው፦ የልብ መድኃኒት። ስም የለ፣ መጠን የለ።

በኋላ ለምን እንዳልዘረዘሩለት ስጠይቃቸው የመለሱልኝ መልስ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣልኝም። «ልጄ፣ የኮሌስትሮሉን እኮ እንደ መድኃኒት አልቆጥረውም። እንደ ቫይታሚን ነበር የማየው።» ይህን የሚሉኝ እሳቸው ብቻ አይደሉም። ስታቲን ሲዋጥ ምንም አይሰማም። ሕመም አያስታግስም፣ እንቅልፍ አያመጣም። ቢረሳም የሚጎድል ነገር የለም። ስለዚህ ሰው መድኃኒቶቹን ሲቆጥር ከዝርዝሩ የሚወድቀው እሱ ነው።

አዲሱን መድኃኒት የገዙት ደግሞ የዘወትሩን ከሚገዙበት ፋርማሲ ሳይሆን መንገድ ላይ ካገኙት ነው። በዚህ ምክንያት ሁለቱን ማዘዣ ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ባለሙያ አልተገኘም።

በሦስተኛው ቀን ከአልጋ ሲነሱ አዞራቸው። ግፊታቸውን የለካ የለም። በስድስተኛው ቀን ሁለቱም ታፋቸው ከበዳቸው፤ «ቀኑን ሙሉ ሸክም ስሸከም የዋልኩ ነው የሚመስለው» አሉኝ ሲነግሩኝ። ብርድ ነው ብለው አለፉት። በስምንተኛው ቀን ከወንበር ለመነሳት በእጃቸው መደገፍ ግድ ሆነባቸው። ፀጉራቸውን ለማበጠር ክንዳቸውን ማንሳትም አደከማቸው። ይሄኔ ቤት ውስጥ የተገኘ ዳይክሎፈናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መዋጥ ጀመሩ። በአሥረኛው ቀን ሽንታቸው እንደ ጠቆረ ሻይ ሆነ። «አንቲባዮቲኩ ይሆናል» ተባለ። በእርግጥ ሽንት የሚያቀልሙ መድኃኒቶች አሉ፤ ግምቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በአሥራ አንደኛው ቀን ያስታውካቸው ጀመር፤ ደረጃ መውረድም አቃታቸው።

እነዚህን ቀናት ደጋግሜ አስባቸዋለሁ። ማዞሩ ለድካም ተሰጠ፣ ታፋው ለብርድ፣ ሽንቱ ለአንቲባዮቲክ። እያንዳንዱ ምልክት የየራሱ ሰበብ ስለተገኘለት ማንም አልደነገጠም። አዲስ መድኃኒት በጀመሩ በሳምንት ውስጥ ሁለቱም ታፋ እኩል ሲታመም፣ ከዚያ ኃይል ሲጠፋ፣ ከዚያ ሽንት ሲጠቁር ግን ምልክቶቹ ሦስት አይደሉም፤ አንድ ናቸው።

ላቦራቶሪው ምን አሳየ

መጀመሪያ የመጣው ውጤት ወደ ጉበት የሚጠቁም ነበር። ኤ ኤስ ቲ የሚባለው ኢንዛይም 620፣ ኤ ኤል ቲ ደግሞ 210 ሆኗል። ሁለቱም መደበኛ መጠናቸው በአሥራዎቹ የሚቆጠር ነው። ስታቲን ጉበት ይነካል ሲባል ሁላችንም ስለሰማን ሐሳቡ ወዲያው ወደዚያ ሄደ። ግን ጉበት ሲታመም ከፍ የሚለው ቢሊሩቢናቸው ደህና ነው። ዓይናቸው ቢጫ አልሆነም። ሁለቱ ኢንዛይሞች ጉበት ውስጥ ብቻ የሚኖሩ አይደሉም፤ ጡንቻ ውስጥም አሉ፣ በተለይ ኤ ኤስ ቲ። ጡንቻ ሲፈርስ ወደ ደም ይፈስሳሉ።

ፍንጩን የሰጠው ሽንቱ ነው። በመመርመሪያዋ ወረቀት ሲታይ ደም አለበት፣ ያውም ሦስት ፕላስ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ቀይ የደም ሴል የለም ማለት ይቻላል። ተረኛዋ ሐኪም እዚህ ላይ ቆም አለች፤ ለዚህ በጣም አከብራታለሁ። ወረቀቷ የምትለየው ሂም የሚባለውን ብረት ያዘለ ነገር ነው። እሱ ደግሞ በደም ሄሞግሎቢን ውስጥም፣ በጡንቻ ማዮግሎቢን ውስጥም አለ። ደም የሌለበት ሽንት «ደም አለው» ካስባለ፣ ጡንቻ እየፈረሰ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ክሬያቲን ካይኔዝ፣ በአጭሩ ሲኬ የሚባለው ምርመራ ታዘዘ። ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ኢንዛይም ነው። መደበኛው ጣሪያ 200 አካባቢ ነው። የጋሼ 31,400 ሆኖ መጣ። ክሬያቲኒናቸው ከ1.0 ወደ 2.4 ወጥቷል፤ ኩላሊታቸው ተነክቷል ማለት ነው። ፖታሲየማቸው ወደ 5.7 ከፍ ብሏል፣ ግፊታቸው ወደ 94 በ56 ወርዷል። የበሽታው ስም ራብዶማዮላይሲስ ነው። በእኛ ቋንቋ የጡንቻ መፍረስ ብንለው ይሻላል፤ የሚሆነውም እሱ ነው።

አሁን የሚያሳፍረኝን ነገር ልጻፍ። በዚያች የመጀመሪያ ሌሊት «የቤት መድኃኒታቸው ይቀጥል» የሚል ትዕዛዝ ተጻፈ። በተለመደው ሰዓት ሲምቫስታቲን 40 ተሰጣቸው። የሲኬው ውጤት የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። የቤት መድኃኒት ማስቀጠል ልማድ ነው፣ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። እኛ ፋርማሲስቶች ሌሊት አንኖርም። በማግስቱ ካርዱን ስከፍት ይህን አይቼ ሆዴ ተላወሰ።

ለልጃቸው ስልክ ደወልኩ። «ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለቀውንም ካርቶን ጭምር፣ በፌስታል አድርገሽ አምጪልኝ» አልኳት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰች። ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። ሲምቫስታቲንና ክላሪትሮማይሲን ጎን ለጎን ተቀመጡ። እነዚህ ሁለቱ አብረው መወሰድ የለባቸውም። «ጥንቃቄ ይደረግ» የሚባልበት ደረጃ ላይ አይደሉም፤ ክልክል ናቸው።

ሁለቱ ኪኒኖች ሲገናኙ

ሲምቫስታቲን ሲዋጥ አብዛኛው ወደ ሰፊው የደም ዝውውር ሳይደርስ አንጀትና ጉበት ውስጥ ይሰባበራል። ወደ ደም የሚያልፈው ከመቶ አምስት እጅ አይሞላም። ይህን የሚሠራው በዋናነት ሲዋይፒ ሦስት ኤ አራት የሚባል ኢንዛይም ነው። 40 ሚሊግራም የሚለው መጠን ሲወሰን ይህ ኢንዛይም ሥራውን ይሠራል ተብሎ ታስቦ ነው።

ክላሪትሮማይሲን ያንን ኢንዛይም ያሽመደምደዋል። በጤነኛ ሰዎች ላይ ሲለካ ሰውነት የሚያገኘው ሲምቫስታቲን ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ጋሼ የዋጡት ያችኑ የዘወትር ኪኒን ነው። ጡንቻቸው ያገኘው ግን ማንም ሐኪም የማያዝዘውን መጠን ነው። አንቲባዮቲኩ ከቆመም በኋላ ኢንዛይሙ በአዲስ እስኪተካ ጥቂት ቀናት ይወስዳል፤ ስለዚህ ሲምቫስታቲኑን አንቲባዮቲኩ ባለቀ ማግስት መቀጠልም ልክ አይደለም።

አምሎዲፒንም በዚሁ ኢንዛይም ነው የሚወገደው። እሱም በደማቸው ውስጥ ከፍ አለ፣ ግፊታቸውም ወረደ። የሦስተኛው ቀን ማዞር ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ደወል እሱ ነበር ማለት ነው።

ኩላሊትን በተመለከተ መከራው ከየአቅጣጫው ነው የመጣው። ከጡንቻ የወጣው ማዮግሎቢን ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይዘጋል፣ ይመርዛልም። ግፊት ወርዷል። ማስታወኩ ፈሳሽ አሳጥቷቸዋል። ዳይክሎፈናኩ ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ለሕመሙ ማስታገሻ ብለው የወሰዱት ነገር ጉዳቱን አባባሰው። ሃርት አታክ የነበረበት ሰው ያለ ሐኪም ምክር ዳይክሎፈናክ መውሰድ እንደሌለበትም በዚሁ ልጨምር፤ ለልብም ጥሩ አይደለም።

በመድኃኒት ታሪክ ውስጥ ይህን የሚመስል ትልቅ ጉዳይ አለ። ባየር የተባለው ኩባንያ ሴሪቫስታቲን የሚባለውን ስታቲን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2001 ከገበያ አወጣ። በዚያን ጊዜ ከጡንቻ መፍረስ ጋር የተያያዙ 52 ሞቶች ተመዝግበው ነበር። ከሟቾቹ በርካታዎቹ ከሱ ጋር ጌምፋይብሮዚል የሚባል ሌላ የደም ቅባት መድኃኒት ይወስዱ ነበር። ያኔም አደጋውን ያገነነው ሁለተኛው ኪኒን ነው። ዛሬም ጌምፋይብሮዚል ከሲምቫስታቲን ጋር አይሰጥም።

ከሲምቫስታቲን ጋር የሚጋጩት እነዚህ ብቻ አይደሉም። ኤሪትሮማይሲን አለ፤ የክላሪትሮማይሲን የቅርብ ዘመድ ነው። ለፈንገስ የሚሰጡት ኢትራኮናዞልና ኬቶኮናዞል አሉ። ሪቶናቪር ያለባቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች፣ ሳይክሎስፖሪን፣ ለልብ ምት የሚሰጠው አሚዮዳሮን፣ ለግፊት ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም አሉ። አንዳንዶቹ ፈጽሞ አይፈቀዱም፣ አንዳንዶቹ የስታቲኑን መጠን ያስቀንሳሉ። ግሬፕፍሩት የሚባለው ፍሬም ጭማቂው በብዛት ሲጠጣ ይህንኑ ኢንዛይም ያግዳል። «ተፈጥሯዊ የኮሌስትሮል ማውረጃ» ተብሎ የሚሸጠው ቀይ የእርሾ ሩዝ ደግሞ በውስጡ ሎቫስታቲን የሆነ ንጥረ ነገር አለው፤ ሳያውቁት ሁለት ስታቲን እየወሰዱ ሊሆን ይችላል።

ታካሚው ይህን ሁሉ እንዲሸመድድ አልጠብቅም፤ እኔም በየጊዜው እያየሁ ነው የምሠራው። ከታካሚው የምፈልገው የስታቲኑን ስም ከነመጠኑ እንዲያውቅና አዲስ ነገር ሲታዘዝለት ሳይጠየቅ እንዲናገር ነው። ቢነገር ኖሮ መፍትሔው ቀላል ነበር። ክላሪትሮማይሲን የሌለበት የኤች ፓይሎሪ ሕክምና አለ። ወይም ሲምቫስታቲኑ በነዚያ ሁለት ሳምንታት ይቆም ነበር። ለዓመታት የሚወሰድ መድኃኒት በሐኪም ትዕዛዝ ለጥቂት ቀናት ቢቆም የሚጎዳው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሕክምናው

ሲምቫስታቲን፣ ክላሪትሮማይሲንና ዳይክሎፈናክ በዚያው ጠዋት ቆሙ። የግፊት መድኃኒቶቹም ለጊዜው እንዲቆሙ ተደረገ። አስፒሪኑ ቀጠለ፤ ስቴንት አለባቸው። ዋናው ሕክምና በደም ሥር የሚሰጥ ጨዋማ ፈሳሽ ነው፣ በብዛት፣ ሽንታቸው በሰዓት 200 ሚሊሊትር አካባቢ እስኪደርስ። ነርሶቹ በየሰዓቱ ይለኩ ነበር። ልባቸው ቀድሞ የተጎዳ ስለሆነ ፈሳሹ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ መጠበቅም ነበረበት። ሁለቱን ሚዛን መጠበቅ ቀላል አይደለም።

በሁለተኛው ቀን ሲኬው ወደ 38,900 ወጣ። ሁላችንም ጨነቀን። በሦስተኛው ቀን 21,500፣ በአራተኛው 12,000፣ በአምስተኛው 6,800 ሆነ። ሽንታቸው ቀለሙ ሳሳ። ዲያሊሲስ፣ ማለትም የኩላሊት እጥበት፣ አላስፈለጋቸውም። በስምንተኛው ቀን ሲኬው 1,300፣ ክሬያቲኒኑ 1.3 ላይ እያለ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሦስት ሳምንት ሲኬው ከ200 በታች ገባ። ጉልበታቸው ግን ቶሎ አልተመለሰም። ደረጃ ሳይደገፉ የወጡት በሰባተኛው ሳምንት ነው። ይህን ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ካለዚያ የማይድኑ ይመስላቸዋል።

ስታቲን ከቆመ በኋላ ድካሙ ለወራት ቢቀጥል ወይም ቢብስ ሌላ ነገር መጠርጠር አለበት። በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ ሰውነት ራሱ ጡንቻውን የሚያጠቃበት ሕመም ይነሳል፤ መድኃኒቱ ቢቆምም አይለቅም፣ የራሱ ሕክምናም ይፈልጋል። ጋሼ ይህ አልነበረባቸውም።

እንደገና ስታቲን?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነበር። በአሥረኛው ሳምንት ኤል ዲ ኤላቸው 148 ደርሷል። ስቴንት ያለበት ሰው ይህን ይዞ መቀመጥ የለበትም። ጋሼ ግን «ልጄ፣ ያንን ነገር በዓይኔ አላየውም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሊገድላቸው ነበር።

የልብ ሐኪማቸውና እኔ አብረን አየነው። ታይሮይዳቸው ተመርምሮ ደህና ሆነ፤ ታይሮይድ ሲያንስ ኮሌስትሮልም ይወጣል፣ ጡንቻም በስታቲን በቀላሉ ይጎዳል፣ ስለዚህ መታየት አለበት። ጉዳቱ የደረሰበት ምክንያት ግልጽ ነው፣ ሊወገድም ይችላል። ያለ ክላሪትሮማይሲን አራት ዓመት ተስማምቷቸዋል። በመጨረሻ የተመረጠው ሮሱቫስታቲን 5 ሚሊግራም ነው፣ ከኢዜቲሚብ 10 ሚሊግራም ጋር። ሮሱቫስታቲን ክላሪትሮማይሲን በሚያሽመደምደው ኢንዛይም ላይ ብዙም አይመካም። ኢዜቲሚብ ደግሞ ስታቲን አይደለም፤ ኮሌስትሮል ከአንጀት እንዳይገባ ነው የሚከለክለው። የስታቲን መጠን በእጥፍ ቢጨመር ኤል ዲ ኤልን ተጨማሪ ስድስት ከመቶ ያህል ብቻ ነው የሚያወርደው። እንደ ጋሼ ላለ ሰው ትንሽ ስታቲንን ከሌላ መድኃኒት ጋር ማጣመር የተሻለ መንገድ ነው።

ሮሱቫስታቲንም የራሱ አመል አለው። አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ካለበት የጨጓራ ማስታገሻ ጋር አብሮ ከተወሰደ በደንብ አይገባም። ጋሼ ደግሞ የጨጓራ ሰው ናቸው። ማስታገሻው ስታቲኑ ከተወሰደ ከሁለት ሰዓት በኋላ እንዲሆን ተነጋገርን። በስድስት ሳምንት ኤል ዲ ኤላቸው 64፣ ሲኬው 160 ሆነ። ኤች ፓይሎሪውም ክላሪትሮማይሲን በሌለበት ሌላ ሕክምና ታክሞ ጠፋ።

ልጅየዋ

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጃቸው ዝም ብላ የራሷን መድኃኒት አቁማለች። እሷም አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም ትወስዳለች፤ በቤተሰባቸው ኮሌስትሮል ይወጣል። የነገረችኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው። «አባዬን እንደዚያ አይቼ እንዴት ልዋጠው? እኔም እኮ ትከሻዬን ያመኛል።»

ፍርሃቷ ይገባኛል። አጠገቧ ተቀምጬ ሕመሟን በዝርዝር ጠየቅኳት። የሚያማት ቀኝ ትከሻዋን ብቻ ነው። ክንዷን ወደ ኋላ ስትወስድ ይወጋታል። አቶርቫስታቲኑን ካቆመች ሁለት ወር አልፏታል፣ ሕመሙ ግን አልለቀቃትም። የስታቲን ሕመም እንዲህ አይደለም። ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ጎን ነው፣ ታፋ፣ ዳሌ፣ ባት፣ ትከሻ ላይ። የሚጀምረው መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። መድኃኒቱ ሲቆም ደግሞ በሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይሻላል። ሲኬዋ ተመረመረ፤ 96። ትከሻዋ የመገጣጠሚያ ችግር ሆኖ ተገኘ።

ለሷ የነገርኳትን አንድ ጥናት እዚህም ልናገረው። እ.ኤ.አ. በ2020 ውጤቱ የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ነው። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች ተሳተፉበት። ለእያንዳንዳቸው ለየወሩ አንድ፣ 12 ብልቃጥ ተሰጠ። አራቱ አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም ነው፣ አራቱ መድኃኒቱን የሚመስል ግን መድኃኒት የሌለበት ኪኒን፣ አራቱ ባዶ። በየቀኑ ሕመማቸውን ከ0 እስከ 100 በቁጥር መዘገቡ። ምንም ባልወሰዱበት ወር አማካዩ 8 ነበር። ስታቲን በወሰዱበት ወር 16.3። መድኃኒት የሌለበትን በወሰዱበት ወር ደግሞ 15.4። ሕመማቸው የውሸት አልነበረም፤ በትክክል ተሰምቷቸዋል። ያመጣው ግን በአብዛኛው ኪኒን መዋጣቸውና የሚመጣውን መጠባበቃቸው እንጂ ስታቲኑ አይደለም። ውጤቱን ካዩ በኋላ ግማሾቹ ስታቲናቸውን እንደገና ጀምረዋል።

እሷም ጀመረች። ጀምራ ሦስት ወር ሆኗታል።

በአባትና በልጅ መካከል ያለው ልዩነት እኔን የሚያስጨንቀኝ ቦታ ነው። አንዱ ሊፈሩት የሚገባውን አልፈሩም፣ ሌላዋ የማያስፈራውን ፈራች። ቀለል ያለ የጡንቻ ሕመም ብቻ ከሆነ መድኃኒቱን በራሳችሁ አትጣሉት፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አናግሩ። ስቴንት ያለበት ወይም ሃርት አታክ የደረሰበት ሰው በዝምታ ቢያቆም ልቡን ለአደጋ ያጋልጣል። ሽንት ከጠቆረ፣ ከወንበር መነሳት ወይም ክንድ ማንሳት ካቃተ፣ ሕመሙ ከትኩሳትና ከማስታወክ ጋር ከመጣ ግን የዛሬውን ኪኒን አትዋጡ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ። ዓይን ቢጫ ከሆነም እንደዚሁ። የጉበት ከባድ ጉዳት እጅግ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን አይጠብቅም። ስኳርን በተመለከተ ስታቲን የደም ስኳርን በትንሹ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ በተለይ ቀድሞ ወደ ስኳር ሕመም የተጠጋ ሰው ላይ። ይህ ስኳርን ለመለካት ምክንያት ነው፤ ስታቲን ለማቆም ግን አይበቃም።

ጋሼ አሁን የመድኃኒታቸውን ዝርዝር ስልካቸው ላይ ፎቶ አንስተው ይዘዋል። ልጃቸው ናት ያነሳችላቸው። ባለፈው ወር ደወሉልኝ። እሳቸው ምንም አልሆኑም። እህታቸው ለእግር ጥፍር ፈንገስ መድኃኒት ታዞላቸው ቤታቸው መጥተዋል። እህትየው ደግሞ ሲምቫስታቲን ይወስዳሉ።

«ስሙን ላንብብልህ ልጄ፤ ኢት… ኢትራኮናዞል ይላል። ገና አልዋጠችውም። ይሄ ከኮሌስትሮሉ ጋር ይጣላል?»

ይጣላል አልኳቸው። አብረው እንዳይወስዱትና ያዘዘላቸውን ሐኪም እንዲያነጋግሩ ነገርኳቸው። በማግስቱ ወደ ተርቢናፊን ተቀየረላቸው።